አስቸኳይ! የጀልባዬ ቁጥር ተላጠ፣ ነገ ሌሊት ወደ ላንጋኖ እንወጣለን

የገላኑ፦
ሰዎች ድረሱልኝ። ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ጀልባዋን ተሳቢ ላይ ጭነን ከገላን ልንወጣ ነው፣ ቤተሰቡ ተሰናድቶ በጉ ሳይቀር ተገዝቷል። አሁን ሸራዋን ገልጬ ሳያት ያስለጠፍኩት የምዝገባ ቁጥር በግራ በኩል ግማሹ ተላጦ ተንጠልጥሏል። የምናርፍበት ቦታ ሰዎች ደግሞ ቁጥሩ በሁለቱም ጎን ካልተነበበ ውሃ አናስነካም ብለዋል። የድሮው የአሜሪካ ቁጥር ግን ፍንክች አላለም፣ የሚያናድደው እሱ ነው። በምን ላጣብቀው? የአሜሪካውን እንዳለ ብተወውስ? ደሞ ከኋላ የተቀረጸው ቁጥር መሀል ላይ ያለው ዜሮ፣ የምዝገባ ወረቀቱ ላይ የእንግሊዝኛው «ኦ» ተደርጎ ነው የተጻፈው። ማስታወቂያ ቤቶች ዘግተዋል።

ዱከም በር፦
ሱፐር ግሉ።

የሰበታ ልጅ፦
ታርጋዋ ኮድ ስንት ነው? ቦሎስ ለጥፋለች? ሃሃሃ

መምህር ነኝ፦
ወንድም፣ ከማጣበቂያው በፊት ስለ ሕጉ ብናወራ ይሻላል። ባሕር የለንም ተብሎ ጀልባ ሕግ የለውም ማለት አይደለም። የማሪታይም ዘርፍ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 549/1999 አለ፣ ገዝተህ አንብበው። እኛ ሀገር ሰው ጀልባ ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ፍጥነቷን ነው። ስንት ሰው ትጭናለች፣ ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት አለ ወይ፣ ልጆቹስ በልካቸው አላቸው ወይ፣ ይሄን የሚጠይቅ የለም። ቁጥሩም ለጌጥ አይደለም። አንድ ነገር ቢደርስ ከዳር የቆመ ሰው አንብቦ እንዲናገር ነው።

የገላኑ፦
እሺ መምህር፣ ላይፍ ጃኬት አለን። ጥያቄዬ ማጣበቂያ ነው!

ዝምታ እወዳለሁ፦
እኔ የማይገባኝ ለምን ሞተር ጀልባ እንዳስፈለገ ነው። ላንጋኖ ሰው የሚሄደው ልጆቹን ሊያዋኝ ነው። እናንተ ዳር ዳሩን እየጮሃችሁ ስታልፉ ልጅ የያዘ ሰው ምን ይሁን? ቁጥሩ እንኳን ተላጠ።

የሰበታ ልጅ፦
ለገዳዲ ቅርብ አይደል? እዛ ይንዳት።

ዝምታ እወዳለሁ፦
የምንጠጣው ውሃ ላይ! ከቧንቧ ቤንዚን ልታጠጣን ነው?

ስቲከር ሠሪዋ፦
ፋይበር ናት ወይስ የምትነፋ? ዋናውን ነገር ሳትናገር እንዴት እንመልስልህ?

የገላኑ፦
ፋይበር። ነጭ። ከመለጠፉ በፊት አሳምረው ወልውለዋት ነበር።

ስቲከር ሠሪዋ፦
በቃ ሰም ቀብተዋታል። ሰም ላይ ስቲከር አይዝም። የቀረውን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅህ ቀስ ብለህ አንሳው። ከተቀደደ በቃው፣ ካልተቀደደም ማጣበቂያው ቆሻሻ ይዟልና አትመልሰው። ቦታውን በሳሙና እጠብ፣ አድርቅ፣ ከዚያ በንጹህ ጨርቅ በአልኮል ሁለቴ ጥረግ። አሁን ሱቅ ስለተዘጋ ወረቀት ላይ ፊደሉን ቆርጠህ አውጣና የተቀደደውን ወረቀት ፋይበሩ ላይ በፕላስተር ያዘው፣ በቀዳዳው በጥቁር ስፕሬይ ስስ ስስ አድርገህ ደራርብ። አንዴ አታወፍረው፣ ይፈሳል። እስከ ሌሊት ይደርቃል፣ ሸራውን ግን እንዳታስነካው። ስትመለስ ስቲከሩን በደንብ አሠራ።

ዱከም በር፦
ሱፐር ግሉ አልኩ እኮ።

ስቲከር ሠሪዋ፦
ዱከም በር፣ ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ዙሪያውን ነጭ ያደርገዋል፣ ተሳቢው ሲንገጫገጭ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ስትፍቀው ፋይበሩ ይጫጫራል። ለሰው ንብረት እዘን እንጂ።

ፍሎሪዳ ነበርኩ፦
የቁጥሮቹን ነገር ልንገርህ፣ እዚያ ጀልባ ነበረኝ። ፊቷ ላይ ያለው የአሜሪካ ቁጥር የግዛቱ ምዝገባ ነው፣ እንደኛ ታርጋ። እዚያ ፊደሉ ከ3 ኢንች አያንስም፣ ማለትም 7 ሴንቲ ተኩል ግድም ነው። በሁለቱም ጎን በፊተኛው ግማሽ ላይ ይለጠፋል፣ ከጀልባዋ ቀለም ጋር መለያየት አለበት፣ ፊደልና አኃዙ መሀል ክፍተት ይተዋል። ያንን ልክ ብትከተል የትም አታፍርም። አሁን ግን ጀልባዋ እዚያ ስላልሆነች አንሳው። ሁለት ታርጋ ለጥፎ የሚነዳ መኪና ቢያገኝህ ትራፊክ ምን ይልሃል?

ከኋላ የተቀረጸውን ግን እንዳትነካ! እሱ ሻንሲ ቁጥሯ ነው። 12 ፊደልና አኃዝ ነው፣ ወደ ፊት ዞረህ ስትቆም ከኋላ በቀኝ በኩል ታገኘዋለህ፣ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምራቾቹ ግዴታቸው ነው። የመጀመሪያዎቹ 3 ፊደላት የአምራቹ መለያ ናቸው። ከ4ኛው እስከ 8ኛው ባለው ውስጥ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» አይፈቀዱም፣ ከ1 እና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ። ስለዚህ ያንተው እዚያ መሀል ከሆነ ዜሮ ነው፣ የተሳሳተው ወረቀቱ ነው። ለነገ የተቀረጸውን በስልክህ ፎቶ አንሳውና ያዝ፣ ሰኞ ወረቀቱን አስተካክል።

የገላኑ፦
6ኛው ላይ ነው!! ተባረክ። ስፕሬይ ፍለጋ ወጣሁ።

የሰበታ ልጅ፦
በጉን ግን ተሳቢው ላይ እንዳትጭነው።

መምህር ነኝ፦
የተሳቢው መብራትም ይታይ፣ በሌሊት ነው የምትወጡት።

ቱሉ ዲምቱ፦
የገላኑ ደረሳችሁ? እኔ የምትነፋ አለችኝ፣ ስፕሬዩ ለሷም ይሆናል?

ስቲከር ሠሪዋ፦
አይሆንም፣ አየሩ ሲቀንስና ሲጨምር ቀለሙ ይሰነጣጠቃል። ስስ ፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ አጻፍና በሁለቱም ጎን በገመድ እሰረው። ብቻ የምትሄድበት ቦታ ሰሌዳ ይቀበሉ እንደሆን አስቀድመህ ደውል።