ከሚሊሜትር ወደ ሜትር፦ ማባዛት ነው ማካፈል?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመደርደሪያ ንድፍ ይዤ እንጨት ላስቆርጥ ነው። ወረቀቱ ላይ 2400 እና 600 ብቻ ተጽፏል፣ አሃዱ የለም። ሴንቲሜትር ነው እንዳልል 24 ሜትር መደርደሪያ የት ይገባል? ሚሊሜትር ከሆነ ደግሞ ወደ ሜትር ስቀይረው በ1000 ላባዛ ወይስ ለ1000 ላካፍል? ከተማሪነቴ ጀምሮ እንደተምታታብኝ ነው። ስንት ካሬ ሜትር እንደሚሆንም ንገሩኝ።

ባለ ማስመሪያ፦
ሚሊሜትር ነው። የግንባታና የቤት ዕቃ ንድፍ በብዛት በሚሊሜትር ስለሚሠራ በየቁጥሩ ጎን አሃድ አይጻፍም፤ የወረቀቱን ጥግ እየው፣ ማስታወሻ ሊኖር ይችላል። ማባዛት ማካፈሉን ደግሞ አትሸምድድ። ቁጥሩ ማደግ አለበት ወይስ ማነስ ብለህ ብቻ ራስህን ጠይቅ። ወደ ትልቅ አሃድ ስትሄድ ጥቂቱ ስለሚበቃ ቁጥሩ ያንሳል፣ ስለዚህ ታካፍላለህ። 2400 ሚሜ 2.4 ሜትር፣ 600 ደግሞ 0.6 ሜትር። ወደ ትንሽ ስትወርድ ግልብጡ ነው፤ 3.5 ኪሎ ሜትር 3,500 ሜትር ይሆናል፣ በሴንቲሜትር ከሆነ 350,000።

ነጥብ ገፊ፦
እኔ ነጥቧን ነው የምገፋት። ከሚሜ ወደ ሴሜ አንድ ቤት፣ ከሴሜ ወደ ሜትር ሁለት፣ ከሜትር ወደ ኪሜ ሦስት፣ ሁሉም ወደ ግራ። 45 ሚሜ 4.5 ሴሜ ነው፣ በሜትር 0.045። መሀል ላይ ዴሲሜትር፣ ዴካሜትርና ሄክቶሜትር የሚባሉም አሉ (ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ ማን እንደሚጠራቸው እንጃ)፣ ግን እነሱን ስትቆጥር ነው ከሜትር እስከ ኪሎ ሜትር ሦስት ቤት የሆነበት ምክንያት የሚገባህ።

ካሬ፦
ካሬው ላይ ግን ተጠንቀቅ! 2400 በ600 ሲባዛ 1,440,000 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ለ1000 ብታካፍለው 1,440 ካሬ ሜትር የሚል ጉድ ታገኛለህ፣ መደርደሪያ ሳይሆን ሜዳ ማለት ነው። አንድ ካሬ ሜትር በዚህም ጎን 1000 ሚሜ፣ በዚያም ጎን 1000 ሚሜ ስለሆነ የምታካፍለው ለ1,000,000 ነው። 1.44 ካሬ ሜትር ይመጣል። ዜሮ መቁጠር ከሰለቸህ መጀመሪያ ሁለቱንም ወደ ሜትር ቀይርና 2.4 በ0.6 አባዛ፣ አለቀ።

ጀማሪው፦
ማስታወሻው ተገኘ፣ ጥጉ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «ልኬቶች በሙሉ በሚሜ» ይላል። ተባረኩ። ቆራጩ ደግሞ «መጋዙ 3 ሚሜ ይበላል» ብሎኛል፣ እሱንም ወደ ሜትር ልቀይረው?

ባለ ማስመሪያ፦
0.003 ሜትር ብለህ ምን ልትሠራበት? በሚሜ ተወው፣ ግን በየቁርጡ 3 ሚሜ ጨምረህ አስብ።