አንድ አሻንጉሊት ለሦስት ሰው፦ የጃፓኑን ቡንራኩ የሞከረ አለ?

ሳቢያን_ሰፈር
ሰላም ናችሁ። ድሬ ውስጥ ትንሽ የቲያትር ቡድን አለችን። ለልጆች የአሻንጉሊት ቲያትር እንሠራለን፤ እስካሁን ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጠን እጃችንን ብቻ ነበር የምናወጣው። ሰሞኑን ቡንራኩ የሚባለውን የጃፓን ቲያትር በቪዲዮ አይተን አበድን። ሦስት ሰዎች ተመልካች ፊት ቆመው አንዲት ትልቅ አሻንጉሊት ያንቀሳቅሳሉ፤ ትንሽ ከቆየህ ግን ሰዎቹን ማየት ትተዋለህ። እኛም ሞከርን። አንዱ ወደ ቀኝ ሲል ሌላው ወደ ግራ፣ እግር የያዘው ልጅ መሀል ተጨፍልቆ፣ ተመልካቹ በሳቅ ሞተ፤ ትዕይንቱ ደግሞ የለቅሶ ነበር። ለመሆኑ ሦስቱ እንዴት ነው የሚግባቡት? አቦ የምታውቁ ንገሩን።

ኤረር_በር
የሚመራው ጭንቅላቷን የያዘው ነው። ግራ እጁን ከጀርባዋ አስገብቶ ጭንቅላቷን ይይዛል፣ በቀኝ እጁ ደግሞ ቀኝ እጇን ያንቀሳቅሳል። ሁለተኛው ሰው ግራ እጇን ብቻ፣ ሦስተኛው እግሯን። መድረክ ላይ ንግግር የለም። ዋናው በአሻንጉሊቷ ጭንቅላትና ትከሻ ትንሽ ምልክት ይሰጣል፣ ሌሎቹ እሷን አይተው ይከተላሉ። ዋናው ከፍ ያለ የእንጨት ጫማ የሚያደርገውም ያለ ነገር አይደለም፤ አሻንጉሊቷ ከፍ ስትል እግር የያዘው ጎንበስ ብሎ የሚሠራበት ቦታ ያገኛል። የእናንተ ልጅ የተጨፈለቀው ለዚህ ይመስለኛል። በሦስት ሰው መሥራት የተጀመረው በፈረንጆቹ 1734 ነው፤ ከዚያ በፊት አንድ አሻንጉሊት በአንድ ሰው ነበር። በድሮው ልማድ 10 ዓመት እግር፣ 10 ዓመት ግራ እጅ ይዘህ ነው ጭንቅላቱ ጋ የምትደርሰው።

ከዚራ_ጥላ
10 ዓመት እግር ብቻ?! ወርያ፣ በ10 ዓመት እኮ ሰው አግብቶ ልጁን ትምህርት ቤት ያስገባል። ደግሞ ረዳቶቹ ፊታቸው ሳይቀር በጥቁር ጨርቅ ተሸፍነው ነው የሚሠሩት። በድሬ ሙቀት ሞክሩትና አምቡላንስ ጥሩ 😂 ለልጆች ጨዋታ ይሄ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል?

ኤረር_በር
የልጆች ማን አለህ? ቺካማትሱ ሞንዛኤሞን የሚባለው የቲያትር ደራሲ በ1703 ኦሳካ ውስጥ ያሳየው ቲያትር የአንድ ሱቅ ሠራተኛና የሚወዳት ሴት አብረው ራሳቸውን ስለማጥፋታቸው ነው፤ ያውም እዚያው ከተማ በዚያው ዓመት የሆነ እውነተኛ ታሪክ። አዋቂ ነው ቁጭ ብሎ የሚያለቅሰው። ሙቀቱ ላይ ግን እውነትህን ነው። ቀለል ያለ ጥጥ ልበሱ፣ ፊታችሁንም ተዉት። እዚያም ዋናው ብዙ ጊዜ ፊቱን ገልጦ ነው የሚሠራው።

ሐረሪቷ
እኔ የምመክራችሁ በሴት አሻንጉሊት ጀምሩ። ቡንራኩ ውስጥ ሴቶቹ አብዛኛውን ጊዜ እግር የላቸውም። ሦስተኛው ሰው የቀሚሷን ጫፍ ከውስጥ ይዞ ወደፊት ወደኋላ ሲያደርገው የምትራመድ ይመስላል፤ ስትንበረከክ ደግሞ ጡጫውን ከጨርቁ ሥር ገፋ ያደርገዋል፣ በቃ ጉልበት ሆነ። እግር መቅረጽ ቀረላችሁ ማለት ነው። ሌላው፣ የያዟት ሰዎች አይናገሩ። እዚያ ከመድረኩ ጎን የሚቀመጥ አንድ ተራኪ አለ፤ ሕፃኑንም አሮጊቷንም ወታደሩንም በራሱ ድምፅ ይጫወታቸዋል፣ አጠገቡ ሻሚሰን የምትባለዋን ባለ ሦስት ክር የሚመታ ሰው አለ። እናንተ ክራር አድርጉት። መቼም እያወራህ፣ እየተራመድክ፣ እጅ እያንቀሳቀስክ ሦስት ሰው አብሮ አይተነፍስም።

ሳቢያን_ሰፈር
ኧረ ተባረኪ እህቴ! እግር የለም የሚለው ገላገለን። ክራር የሚመታ ልጅ አለን። ቀሚሷን ግን ረዘም፣ ሰፋ ያለ ማሰፋት አለብን፤ ለሦስት ሰው እጅ የሚበቃ።

ሐረሪቷ
ሐረር፣ ልብስ ሰፊዎቹ ያሉበት መኪና ግርግር ና። ጨርቁንም እዚያው ገዝተህ ባለ መኪናዎቹ ቁጭ ብለህ ያሰፉልሃል። ከጀርባዋ እጅ የሚገባበት ክፍት ቦታ እንዲተዉ ቀድመህ ንገራቸው፣ አለዚያ ጥርቅም አድርገው ነው የሚዘጉት።

ሳቢያን_ሰፈር
ቅዳሜ ሐረር እወጣለሁ። አሻንጉሊቷንም ይዣት ነው የምመጣው፣ በልኳ ይሰፉላት።