የኤሌክትሪክ ሞተርሆም ለረጅም መንገድ ያዋጣል ወይስ ገና ነው?

መንገደኛው፦
ሰላም ጓዶች። አልጋ፣ ኩሽናና ሻወር ያለው ሞተርሆም ልገዛ አስቤ ናፍጣ ይሁን ኤሌክትሪክ የሚለው ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ሻጮቹ «በ40 ደቂቃ 80 በመቶ ይሞላል» ይሉሃል። እሺ፣ ያ 80 በመቶ ስንት ኪሎሜትር ያስኬደኛል ስትላቸው ግን ወሬ ይቀይራሉ። የእኔ ሐሳብ ቀን መንዳት፣ ማታ ካምፕ ማደር ነው። ባለ 350 ኪሎዋት ቻርጀር እየበዛ ስለሆነ ነገሩ አልቋል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው? ደግሞ ሁልጊዜ በፈጣን ቻርጀር መሙላት ባትሪውን አይገድለውም?

ኮረንቲ፦
350 የሚለውን ቁጥር እርሳው። ቻርጀሩ የቱንም ያህል ጉልበተኛ ቢሆን መኪናው የሚወስደው የራሱን ልክ ነው። የመርሴዲስን የኤሌክትሪክ ቫን ኢስፕሪንተርን እንይ፤ ትልቁ ባትሪው የሚይዘው 113 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በፈጣን ቻርጀር ግን ቢበዛ 115 ኪሎዋት ነው የሚቀበለው። 150ው ላይ ሰካኸው 350ው ላይ ለውጥ የለውም፣ ከ10 ወደ 80 በመቶ ለመድረስ 42 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል።

ዋናው ጣጣ ፍጆታው ነው። ሞተርሆም ፊቱ ሰፊ፣ ቁመቱ ረጅም ነው፤ ነፋስ እየገፋ የሚሄድ ግድግዳ በለው። የአየር ግፊቱ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ በሰዓት ከ90 ወደ 110 ኪሎሜትር ስትጨምር ግፊቱ ግማሽ ያህል ይጨምርብሃል። የአሜሪካው ሞተርሆም ሠሪ ዊነቤጎ በ2022 ያሳየው ኢአርቪ የሚባል የሙከራ መኪና 86 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ይዞ 200 ኪሎሜትር ነው የሚሄደው የተባለው። ስታካፍለው ለ100 ኪሎሜትር 43 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው፣ ከትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና እጥፍ በላይ። በዚህ ሂሳብ ያ የ42 ደቂቃ ሙሌት 180 ኪሎሜትር ቢሰጥህ ነው። ስለዚህ ስትገዛ ስንት ኪሎዋት ይቀበላል ብለህ አታቁም፣ በአንድ ሰዓት ቻርጅ ስንት ኪሎሜትር አገኛለሁ ብለህ ጠይቅ።

ናፍጣ_ይሻላል፦
ኧረ ተዉት እባካችሁ። ሂሳቡ ቢያምርም ቻርጀር ጣቢያ ስትደርስ ሌላ ጉድ ነው። ቦታዎቹ የተሠሩት ለትንሽ መኪና ነው፤ ሰባት ሜትር መኪና ስታስገባ ቂጡ መንገድ ይዘጋል፣ ከኋላህ ያለው ጡሩምባ ይነፋል። ተጎታች ካለህማ ፈተህ አቁመኸው ነው የምትሰካው። ክብደቱስ? አውሮፓ ውስጥ በተራው የቢ መንጃ ፈቃድ በብዙ አገር 3.5 ቶን ነው ልኩ፤ ባትሪው ብቻ ብዙ መቶ ኪሎ በልቶብህ ውሃ፣ ብስክሌትና ቤተሰብ ስትጭን ወሰኑን ታልፋለህ። እኔ ከቸኮልክ ናፍጣ፣ ካልሆነም ዲቃላ (ባትሪም ሞተርም ያለው) ነው የምልህ። ቶርና ሃርቢንጀር የሚባሉ የአሜሪካ ኩባንያዎች በ2024 ያሳዩት ባትሪውን መንገድ ላይ የሚሞላ ሞተር አለው፣ 800 ኪሎሜትር ገደማ ይሄዳል ብለዋል። እንዲህ ያለው ነው የሚያዋጣው።

ጎጆ_በጎማ፦
የጣቢያውን ነገር ልክ ብለሃል፣ መሰኪያው የት እንዳለ ሳያዩ መግዛት ሞኝነት ነው። የፎርዱ የኤሌክትሪክ ቫን ኢትራንዚት መሰኪያው ፊት ለፊት ስላለው አፍንጫህን አስገብተህ ትሰካለህ። ጎን ወይም ኋላ ላይ ከሆነ ግን ገመዱ አልደርስ ብሎ ስትታገል ትውላለህ።

ሁላችሁም የዘለላችሁት ማታውን ነው። ሞተርሆም እኮ ማታ ቆሞ ያድራል! የካምፕ ሶኬት 16 አምፔር ከሆነ በ230 ቮልት 3.7 ኪሎዋት ገደማ ይሰጣል፤ በአሥር ሰዓት 37 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው፣ በኮረንቲ ሂሳብ 80 ኪሎሜትር አካባቢ። ትንሽ ናት አይደል? ሁለት ሌሊት ካደርክ ግን እጥፍ ነው፣ ፈጣን ቻርጀር ፍለጋም ይቀርልሃል። 10 አምፔር ብቻ የሚሰጡም ስላሉ አስቀድመህ ጠይቅ፣ ሌሊቱን ሙሉ መኪና መሙላት የሚከለክሉም አሉ። መኪናው እየሞላ ኤሲውን ከፍተህ ውሃ ማፍያውን ከጣድክ ደግሞ ብሬከሩ ድርግም አድርጎ ያጠፋዋል፤ እኔ ሁሌ የመኪናውን አምፔር ዝቅ አድርጌ ነው የምተኛው።

ከሁሉ የሚበላው ማሞቂያ ነው። 2 ኪሎዋት ማሞቂያ ሌሊቱን ከሠራ 20 ኪሎዋት ሰዓት ሄደ፤ ያ ነገ የምትነዳው መንገድ ነው። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ለሙቀት ጋዝ የሚይዙት። ጣራ ላይ ያለ ሶላር ፍሪጅና መብራት ይችላል፣ መኪና ይነዳልኛል ብለህ ግን እንዳትሸወድ።

ኮረንቲ፦
የባትሪውን ጥያቄ ሳልመልስ ዘልዬው ነበር፤ ፈጣን ቻርጅ የሚጎዳው በተለይ ባትሪው ቀዝቅዞ እያለ ነው። ያኔ ባትሪው ውስጥ ያለው ሊቲየም ወደሚከማችበት ግራፋይት መግባት አቅቶት ላዩ ላይ ይለጠፋል። ለዚህ ነው መኪናው ራሱ ፍጥነቱን የሚቀንሰው። ጣቢያውን ናቪጌሽኑ ላይ ካስገባህ ብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች ባትሪውን አስቀድመው ያሞቁታል። ከ80 በኋላ ያለው ደግሞ ስለሚንቀራፈፍ ነቅለህ ሂድ፣ የተረፈውን ማታ ሙላው።

መንገደኛው፦
ተባረኩ። እንግዲህ በቀን ከ250 ኪሎሜትር በላይ ካልነዳሁና ሁለት ሁለት ሌሊት ካደርኩ ይሠራል ማለት ነው? ክረምት፣ በብርዱም ልወጣ አስባለሁ።

ጎጆ_በጎማ፦
በጋ ላይ አዎ፣ ቀን አንዴ ፈጣን ቻርጀር ጋ ቆመህ። ክረምት ላይ በቀን 150 ኪሎሜትር ብለህ ያዘው። ከመግዛትህ በፊት ግን አንዱን ተከራይተህ ውሃውን ሞልተህ፣ ዕቃህን ጭነህ፣ ነፋስ ባለበት ቀን ንዳው። ሻጩ የሚያስሞክርህ ባዶውን ነው።