ሊኑክስ ስጭን ዲስኩ አይታይም፤ እባካችሁ ቶሎ!

የሌሊት ወፍ፦ ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስ ልጭን ከፍላሽ አስነሥቼ የዲስክ መምረጫው ገጽ ላይ ደረስሁ። ከራሱ ከፍላሹ በቀር ምንም አያሳይም! ዊንዶውስ ግን ከዚያው ዲስክ ያለ ችግር ይነሣል። ሦስት ጊዜ ሞክሬአለሁ። ነገ ጠዋት የማስረክበው ሥራ አለ። ፍላሹ ተበላሽቶ ይሆን?

ዶማ፦ ዲስኩ የነገውን ሥራ ሰምቶ ተደብቋል።

መዝገቡ፦ ወንድሜ፣ ሐኪም ፊት ቀርቦ «አሞኛል» ብቻ ብሎ ዝም ማለት አይገባም። ፕሮሰሰሩ ምንድን ነው? የዲስኩ ዓይነትስ? ከሁሉ በፊት ደግሞ ፋይሎችህን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጠሃል? ሰው ሲስተም ሊቀይር የሚነሣው ሥራ በሌለበት ቀን ነው።

የሌሊት ወፍ፦ እኅት ነኝ። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል 11ኛ ትውልድ፣ ዲስኩ ባለ 512 ጊጋባይት ኤንቪኤምኢ ነው። ፋይሎቼን ገልብጫለሁ። ሌላ ፍላሽ ላዘጋጅ?

ጥቁር መስኮት፦ ፍላሹን ተዪው፤ እስከዚያ ገጽ ያደረሰሽ እርሱ ነው። ዲስኩም ዊንዶውስን ካስነሣ ጤነኛ ነው። ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ባሉ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ ቪኤምዲ ከሚባል መቆጣጠሪያ ጀርባ ይቀመጣል። ዊንዶውስ ድራይቨሩ (መቆጣጠሪያውን የሚያናግረው ፕሮግራም) ስላለው ያየዋል፤ የጫኚው ከርነል (የሊኑክሱ እምብርት) መቆጣጠሪያውን ካላወቀው ግን ዲስኩ እንደሌለ ይቆጠራል። ከፍላሹ እንደተነሣሽ ተርሚናል ክፈቺና «ኤልኤስፒሲአይ» ብለሽ (በላቲን ፊደል) ጻፊ። «ቮሊዩም ማኔጅመንት ዲቫይስ» የሚል መስመር ካገኘሽ ጥፋተኛው ተገኘ፤ ባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሣ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብተሽ ቪኤምዲን ታጠፊዋለሽ።

አጭር መንገድ፦ ባዮስ ግባ፣ የዲስኩን አሠራር ሬይድ (ዲስኮችን የሚያጣምረው) ከሚለው ወደ ኤኤችሲአይ (ወደ ተራው) ለውጥ፣ አለቀ።

ጥቁር መስኮት፦ አላለቀም! ዊንዶውሱን ማቆየት ከፈለግሽ ዘለሽ አትለውጪ፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚቀበልሽ ሰማያዊው የዊንዶውስ የስሕተት ገጽ ነው። መጀመሪያ ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) በርቶ ከሆነ ባለ 48 አኃዙን የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ወረቀት ላይ ጻፊ። ከዚያ «ኤምኤስኮንፊግ» ከፍተሽ ቡት በሚለው ሥር ሴፍ ቡትን ምረጪ፤ ዳግም ስታስነሺ በቀጥታ ባዮስ ገብተሽ ለውጪ። ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ (የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ) ይነሣል። እዚያ ፒኑ እምቢ ሊል ስለሚችል የይለፍ ቃልሽን አስታውሺ። ከገባሽ በኋላ ሴፍ ቡትን አንሥተሽ እንደገና አስነሺ። ሁለት ዲስኮች በሬይድ ተጣምረው ከሆነ ግን ምንም አትንኪ፤ መረጃው ሊጠፋ ይችላል።

መዝገቡ፦ ይቅርታ፣ እኅቴ። እኔ ግን ጥድፊያው አልገባኝም። ለነገ ሥራ ሊኑክስ የግድ ከሆነ ዊንዶውሱ ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን (እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም) ላይ ጭነሽ ሥራሽን አስረክቢ። ባዮሱ ቅዳሜ ይደርሳል።

የሌሊት ወፍ፦ መስመሩ አለ! ነገር ግን ባዮሱ ውስጥ ቪኤምዲ የሚል ምርጫ የለም።

ዶማ፦ እርሱም ተደበቀ። ቀልዱን ልተውና፣ ላፕቶፑ ኤሰር ከሆነ ሜይን በሚለው ገጽ ላይ ኮንትሮልንና ኤስን አብረሽ ተጫኚ፤ የተሰወረው ምርጫ ብቅ ይላል።

አጭር መንገድ፦ ወደ ኤኤችሲአይ ለውጥ አልሁ እኮ።

የሌሊት ወፍ፦ ዶማ፣ እጅህ ይባረክ፤ ወጣ! አሁን የቢትሎከሩን ቁልፍ የት እንዳስቀመጥሁ እየፈለግሁ ነው።

ጥቁር መስኮት፦ ሳታገኚው ቪኤምዲውን እንዳታጠፊ። የማይክሮሶፍት አካውንትሽን ተመልከቺ፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ይቀመጣል።

ዘግይቶ መጪ (ከሦስት ቀን በኋላ)፦ ምን ደረሰ? እኔም እዚያው ገጽ ላይ ቆሜአለሁ።

አጭር መንገድ፦ ወደ ኤኤችሲአይ ለውጥ።