ጥቆማ፦ ደሴ ላይ ልጁን ዘጠነኛ ክፍል ለሚያስገባ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ልትዛወር የተነሳች አንዲት እህት «ልጄን የት ላስመዝግበው? አባቱ ስህን ትምህርት ቤት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል» ብላ ጠየቀችኝ። መልሴ ለሌላም ይጠቅም ይሆናል።

አብሽሪ እህቴ። አባወራሽን ግን ቀስ ብለሽ ንገሪው፤ ወይዘሮ ስህን ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል አይመዘገብበትም። ናፍቆቱ ይገባኛል። ወይዘሮ ስህን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። በ1962 ዓ.ም. የብሔረሰቦችን ጥያቄ ጽፎ ተማሪውን ያነጋገረው ዋለልኝ መኮንንም እዚያ ነው የተማረው። «ስህን ነው የተማርኩት» ሲል ደረቱን የማይነፋ የደሴ ሽማግሌ እኔ አላየሁም።

ትምህርት ቤት ከሆነ፣ መምህር አካለወልድ አለ፣ ሆጤ አለ። አንዱ ስሙን የወሰደው ከቦሩ ሜዳው ሊቅ ነው፣ ሌላው ከሰፈሩ። ስም እያወዳደርሽ አትድከሚ፤ እኔ ብሆን ለቤቴ የሚቀርበውን ነው የምመርጠው። ደሴ ዳገት ናት፣ ለባጃጅ የሚወጣው ብር ደግሞ በወር ሲደመር ያስደነግጣል። ቤት እስክታገኙ ከኮምቦልቻ ይመላለስ የሚለውን ሐሳብም ተዪው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሀረጎ ጠመዝማዛ መንገድ በጠዋት ጉም ቀልድ አይደለም።

ከመወሰንሽ በፊት አንድ ቀን ጠዋት በር ላይ ቁሚ። ባንዲራ ሲሰቀል ተማሪው ቀጥ ብሎ ይቆማል ወይስ ይጋፋል? ሚኒ ሚዲያውንም አድምጪ። ማይኩ መጀመሪያ ያፏጫል፣ አንዱ «አንድ፣ ሁለት» ይላል፣ ከዚያ ግጥም ይመጣል፣ ከግጥሙ ቀጥሎ የጠፋ ደብተር ማስታወቂያ። ያረፈደው ጥግ ላይ ወረቀት ይለቅማል። የትምህርት ቤት ጠባይ የሚታየው እዚህ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋም ጠይቂ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው የተሰጠውን የ12ኛ ክፍል ፈተና አስታውሺ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር።

ዩኒፎርምን በተመለከተ፣ ሱሪውን አሰፊ፣ ሹራቡን ግዢ። የተሰፋ ሱሪ ታጥፎ ስለሚተው ልጁ ሲመዘዝ ይለቀቃል፤ የተዘጋጀው ይህ የለውም። ግን ነሐሴ መጨረሻ ላይ እንዳትሄጂ። እኛ የእህቴን ልጅ ኮት ያኔ ለአንድ ልብስ ሰፊ ሰጥተን ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ደረሰልን፤ ያውም እጅጌው ከክርን ብዙ አላለፈም። ሰውየው «ልጁ ነው ያደገው» አለን። ሐምሌ ላይ አስለኪ፣ ቀብድ ከግማሽ በላይ አትስጪ።

ሹራቡ ወፍራም ይሁን። የኮምቦልቻ ልጅ የደሴን የጦሳ ተራራ ብርድ አያውቀውም።