መልሶ ግንባታው የከሸፈው መቼ ነው? እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። እዚህ አሜሪካ ኮሌጅ የታሪክ ትምህርት ወስጄ የመጨረሻው ጽሑፍ ላይ ቀጥ ብያለሁ። ርዕሴ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የመጣው መልሶ ግንባታ (Reconstruction) ነው፤ ተገንጥለው የነበሩትን የደቡብ ግዛቶች ወደ አገሪቱ የመመለስና ከባርነት የወጡትን ሰዎች መብት የማስከበር ዘመን (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ጦርነቱ ራሱ አላስቸገረኝም። ደቡቦቹ ለምን ተገነጠሉ ለሚል፣ የሚሲሲፒ የመገንጠል መግለጫ ባርነትን ለማቆየት እንደሆነ በግልጽ ይናገራል።

የያዘኝ መሬቱ ነው። ጥር 1865 የሰሜኑ ጦር ጄኔራል ሸርማን ከቻርልስተን ወደ ደቡብ ያሉትን ደሴቶችና የባሕር ዳርቻውን ከባርነት ለወጡ ሰዎች መደበ። ለአንድ ቤተሰብ እስከ 40 ኤከር። ፕሬዚዳንት ሊንከን ተገደለ፤ የተተካው አንድሩ ጆንሰን በዚያው ዓመት መሬቱ ለቀድሞ ባለቤቶቹ እንዲመለስ አዘዘ። ብዙዎቹ ነፃ ወጥተው የሰው መሬት በእኩል የሚያርሱ ሆኑ። «መሬት ላራሹ»ን ለሚያውቅ አበሻ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ስለዚህ ነገሩ ያኔውኑ አበቃለት ልል ነበር። መምህሬ ግን 1877 ትላለች፤ የጥቁሮችን መብት ያስጠብቁ የነበሩት የፌዴራል ወታደሮች ከሳውዝ ካሮላይናና ከሉዊዚያና ምክር ቤቶች ደጃፍ የተነሱበት ዓመት። እውነትም በመሃል ለጥቁሮች ዜግነትን፣ ለወንዶቹም የመምረጥ መብትን የሰጡት 14ኛውና 15ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች አሉ። ሃይረም ሬቭልስም በ1870 ከሚሲሲፒ ሴናተር ሆኗል። ከሽፏል ባልኩት ዘመን ጥቁር ሴናተር! ይሄ ክርክሬን አፈር አበላው።

መሬት የሌለው ሰው ድምፁንም ማስከበር ያቅተዋል ብዬ ሁለቱን ባገናኛቸው ያስኬዳል? ወይስ ጥቁሮችን በሽብር ያሳድድ የነበረው የነጮች ቡድን፣ የኩ ክሉክስ ክላን ጥቃት ይበልጥ ይመዝናል? ታሪክ ያጠናችሁ፣ እባካችሁ አንድ በሉኝ። የፍሪድመንስ ቢሮን (ከባርነት የወጡትን ይረዳ የነበረውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት) የሥራ ውሎች አገላብጦ የሚያውቅ ካለም ከየት ልጀምር?