ሄሮድስ ስንት ነው? ነገ የልጆች ድራማ አለን፣ እባካችሁ ቶሎ!

የሰንበት ልጅ፦ የምታውቁ ድረሱልኝ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹ ድራማ ያቀርባሉ። የተሰጠን ጽሑፍ ላይ ሄሮድስ አንድ ሰው ነው፤ ሕፃናቱን ያስፈጃል፣ የዮሐንስን አንገት ያስቆርጣል፣ ጲላጦስ ጌታን ሲልክለት ይመረምራል፣ በመጨረሻም ያዕቆብን በሰይፍ ያስገድላል። ዛሬ ልምምድ ላይ አንዷ ልጅ «ማቴዎስ 2 ላይ ሞቷል እኮ!» አለችኝ። ከፍቼ ሳየው እውነቷን ነው። ስንት ልጅ ልመድብ? ያለኝ ዘውድ አንድ ነው።

ታሪክ ወዳድ፦ እህቴ፣ ነገሩ ከሥሩ ካልተያዘ አይገባም። ፖምፔ በ63 ቅ.ል.ክ. ኢየሩሳሌምን ከያዘ በኋላ አንቲጳጥሮስ የሚባል ኤዶማዊ ከሮማውያን ጋር ተወዳጀ። ልጁን ሄሮድስን የሮም ምክር ቤት በ40 የአይሁድ ንጉሥ አለው፤ ከተማይቱን በእጁ ያስገባው ግን በ37 ነው። ቤተ መቅደሱን ያሳደሰ፣ ቂሳርያን የቆረቆረ እሱ ነው። ሚስቱን ማርያምኔንና ከእሷ የወለዳቸውን ሁለት ወንዶች ልጆች አስገድሏል...

ብርሃኔ፦ ወንድሜ፣ እህታችን የጠየቀችው የልጆች ቁጥር ነው! ሦስት መድቢ። ሕፃናቱን ያስፈጀው አባትየው፣ በ4 ቅ.ል.ክ. የሞተው ታላቁ ሄሮድስ ነው። ዮሐንስን ያስገደለውና ጌታን የመረመረው ልጁ አንቲጳስ ነው፤ የገሊላ ገዥ ስለነበር ነው ጲላጦስ «ገሊላዊ ነው» ሲባል የላከለት። ያዕቆብን የገደለው የልጅ ልጁ አግሪጳ ነው፣ ሐዋርያት ሥራ 12።

መንገደኛ፦ ሦስት። እኔም ሦስት ነው የምለው።

ቃለ አብ፦ እኔ አልስማማም። ወንጌሉ «ሄሮድስ» ብሎ ከጻፈ ለልጆች ማብዛቱ ማደናገር ነው። ደግሞ በ4 ቅ.ል.ክ. ሞተ የምትሉት ሰው እንዴት አድርጎ ነው ጌታ ሲወለድ የነበረው?

ብርሃኔ፦ ልጆቹ የሚደናገሩት የሞተ ሰው ተመልሶ ሲፈርድ ሲያዩ ነው፤ ያቺ ልጅ ቀድማችሁ አይታዋለች። ዓመቱን በተመለከተ፣ ቁጥሩ የአውሮፓውያኑ ነው። ዲዮናስዮስ የሚባል መነኩሴ በ525 ሮም ላይ ሲያሰላ ልደቱን አዘግይቶታል፤ ብዙ ሊቃውንት ልደቱን ከ4 ቅ.ል.ክ. በፊት የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

እማማ ዘውዴ፦ ልጄ፣ ዘውዱን ለአንቲጳስ እንዳታደርጊለት! ማዕረጉ የአራተኛው ክፍል ገዥ ነበር። በሚስቱ በሄሮድያዳ ውትወታ ንጉሥ ልባል ብሎ ሮም ድረስ ሄዶ፣ ዘውዱ ቀርቶ በ39 ዓ.ም. ወደ ጋሊያ ተጋዘ።

ቃለ አብ፦ ማርቆስ 6 ግን «ንጉሡ ሄሮድስ» ይላል።

እማማ ዘውዴ፦ ይላል ልጄ፤ ሕዝቡ እንዲያ ይጠራው ነበር ይባላል። ማቴዎስ 14ንና ሉቃስ 3ን ደግሞ አንብብ፣ ማዕረጉን በትክክል ያስቀምጣሉ። አንድ ዘውድ ላላት ሰው ይኼ ጥሩ ዜና ነው፦ አባትየው ደፍቶት ይሞታል፣ አግሪጳ ይረከበዋል።

ታሪክ ወዳድ፦ ያቋረጣችሁኝ እዚህ ጋ ልደርስ ስል ነው። የአግሪጳ አባት አርስጦቡሉስ አያትየው ካስገደላቸው ሁለቱ ልጆች አንዱ ነው። የታላቁን ሄሮድስ ሌላ ልጅ፣ የይሁዳውን ገዥ አርኬላዎስንም አትርሱ፤ ዮሴፍ ከግብፅ ሲመለስ የፈራው እሱን ነው። አውግስጦስ በ6 ዓ.ም. ሽሮት ይሁዳ በሮም ሹማምንት እጅ ባትገባ ጲላጦስ እዚያ ባልተገኘ ነበር።

መንገደኛ፦ አርኬላዎስ ከተጨመረ አራት ሊሆን ነው?

ብርሃኔ፦ ተራኪው ስሙን ከጠራው ይበቃል፣ ልጅ አያስፈልገውም። የሰንበት ልጅ፣ ለአግሪጳ የሚሆን ብርማ ጨርቅ አለሽ? ጥንታዊው የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ፍላቪዮስ፣ አግሪጳ ቂሳርያ ላይ በ44 ዓ.ም. ሊሞት ሲል የለበሰው ልብስ በብር የተሠራ እንደነበርና የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጭ እንደነበር ጽፏል። ከሌለሽ እኔ ጋ አለ፣ ዛሬ ማታ ላደርስልሽ እችላለሁ።